ነፍሰ ጡር እህት በአውሮፕላን ስትጓዝ፦ የመመለሻውን ቀን አስቀድማችሁ ቁጠሩ

 

ረመዷን ሲቃረብ ለዑምራ የሚነሱ እህቶች አሉ። ከዐረብ አገር መጥተው እናታቸው ቤት ሊታረሱ የሚያስቡም ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል እርግዝናቸው የገፋ ወደ መድኃኒት ቤት መጥተው «አውሮፕላን ፅንሱን ይጎዳዋል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከእርሱ የማያንስ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ስመለስ ስንተኛ ሳምንቴ ይሆናል?» የሚለው ነው።

በረራው ራሱ ይጎዳል ወይ?

እርግዝናዋ ጤናማ ለሆነ እናት አልፎ አልፎ በአውሮፕላን መጓዝ ጉዳት የለውም። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በጣም ቢሳሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ አየር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ስለዚህ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን አየር በየቀኑ ትተነፍሰዋለች ማለት ይቻላል። ከጅዳ ወይም ከዱባይ የምትነሳ እህት ግን ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋ እንደወጣች ትቁጠረው። የፅንሱ ደም ኦክስጅንን አጥብቆ የመያዝ ተፈጥሮ ስላለው ጤናማ ፅንስ ይህን ለውጥ ይቋቋማል።

ከባድ የደም ማነስ፣ የእርግዝና ደም ግፊት፣ የደም መፍሰስ፣ የእንግዴ ልጅ ከማሕፀን በር ላይ መቀመጥ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ ወይም ያለጊዜው የመጣ ምጥ ያለባት እናት ግን ሐኪሟ ሳይፈቅድላት መሳፈር የለባትም። ከዚህ በፊት ያለጊዜዋ የወለደችም እንዲሁ ሐኪሟን ታማክር።

36 ሳምንት ስንት ወር ነው?

አብዛኞቹ አየር መንገዶች አንድ ልጅ ያረገዘችን እናት እስከ 36 ሳምንት፣ መንታ ያረገዘችን ደግሞ እስከ 32 ሳምንት ገደማ ያሳፍራሉ። ከ28 ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ደንቡ ከአንዱ አየር መንገድ ወደ ሌላው ይለያያልና ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

እኛ እርግዝናን የምንቆጥረው በወር ስለሆነ እዚህ ላይ ስሕተት ይፈጠራል። ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ወሩን 30 ቀን አድርገን ስናሰላ 28 ሳምንት 6 ወር ከ16 ቀን፣ 36 ሳምንት ደግሞ 8 ወር ከ12 ቀን ይሆናል። በመሐል ጳጉሜን ካለች ቀኖቿን መቁጠር አትርሱ። የአልትራሳውንድ ወረቀት ካላችሁ ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አረጋግጡ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንዲት እህት 34 ሳምንት ሲሞላት ለ15 ቀን ዑምራ ሄደች እንበል። ስትሄድ ችግር የለም። ስትመለስ ግን 36 ሳምንት ከ1 ቀን ሆኗታል። ወሰኑ 36 ሳምንት የሆነ አየር መንገድ ከመሳፈሪያው ሊመልሳት ይችላል። የመጡበት ቡድን ይሄዳል፤ የቪዛው ቀን ያልቃል፤ እዚያው ከወለደች ደግሞ ለሕፃኑ የጉዞ ሰነድ ማውጣት ግድ ይሆናል። ይህ ሁሉ ጣት ቆጥሮ በማስላት የሚቀር ችግር ነው።

በሰፊ ዐባያ መሸፈን መፍትሔ ነውን?

«ሆዴ አይታወቅም፣ ዐባያ እለብሳለሁ» የሚሉ አሉ። ውድ እህቶች፣ ዐባያው ከሠራተኛው ዓይን ይሰውር ይሆናል እንጂ ምጥን አያዘገይም። በአየር ላይ አዋላጅም፣ የቀዶ ሕክምና ክፍልም፣ የሚለገስ ደምም የለም። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ቢፈስስ ወይም ሕፃኑ መተንፈስ ቢያቅተው አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ደንቡ የወጣው ለዚህ ነው።

ይልቅ የሐኪም ደብዳቤ ያዙ። የእርግዝናው ሳምንት፣ መውለጃው ቀን፣ ፅንሱ አንድ ወይም መንታ መሆኑና ለመጓዝ የሚከለክል ችግር አለመኖሩ በእንግሊዝኛ ይጻፍበት፤ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። የክትትል ካርዳችሁንም በእጅ ቦርሳ ያዙ።

በጉዞ ላይ ዋናው ስጋት፦ የደም መርጋት

እርግዝና ደምን በቀላሉ የሚረጋ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ሲጨመር በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሉ ከፍ ይላል። ከአዲስ አበባ ጅዳ ቅርብ ነው፤ ዋሽንግተን ግን ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ፦

• በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ምረጡ፤ በየሰዓቱ ገደማ ተነሥታችሁ ተራመዱ፤ ተቀምጣችሁም ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ።
• ለረጅም ጉዞ ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ በልካችሁ የሚመርጥላችሁን ለደም ሥር የሚሠራ ጥብቅ ካልሲ አድርጉ።
• የአውሮፕላን አየር ደረቅ ነውና ውሃ ጠጡ። ለመንገደኛና ለነፍሰ ጡር በፆም ላይ ፈቃድ እንዳለ አትዘንጉ፤ ዝርዝሩን ዑለማዎችን ጠይቁ።
• ቀበቶውን ከሆድ በታች፣ በዳሌ አጥንት ላይ እሰሩ።
• በዋዜማው ባቄላና ሽምብራ፣ በጉዞው ላይም ለስላሳ መጠጥ ቀንሱ፤ የሆድ አየር ከፍታ ላይ ይሰፋልና ያስጨንቃል።

የሁለቱም እግር ትንሽ ማበጥ የተለመደ ነው። የአንድ እግር ብቻ ማበጥና መታመም፣ የደረት ውጋት ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ግን፣ ከጉዞው በኋላ ባሉት ቀናትም ቢሆን፣ በቶሎ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ምልክት ነው።

ስለ መድኃኒት

ለወገብ ሕመም ተብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ። ከ20 ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊቀንሱ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ከፅንሱ ልብ አጠገብ ያለ የደም ሥር ያለጊዜው እንዲጠብ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሕመም ካለ ፓራሲታሞል በመጠኑ መውሰድ ይሻላል።

«ደም ያቀጥናል» ሲባል ሰምታችሁ አስፕሪን በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ሐኪም ያዘዘላችሁ ከሆነ ግን ለጉዞ ብላችሁ አታቋርጡ። የደም ግፊት መድኃኒትና ኢንሱሊን ከእጃችሁ አይለዩ። ሻንጣ ይጠፋል፤ ኢንሱሊንም በጭነት ክፍሉ ብርድ ከረጋ አይሠራም። የአይረን ክኒን ጉዞ ላይም አይቋረጥ፤ በሻይና በቡና ግን አትውሰዱት። የማቅለሽለሽ ክኒን ስትገዙ እርጉዝ መሆናችሁንና ሳምንታችሁን ለባለሙያው ንገሩ።

ባሎችና ወላጆችም ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት የእርግዝናውን ሳምንት ጠይቁ። ዑምራው ከወሊድ በኋላም ይደርሳል። አላህ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳችሁ።