አዲስ ኩባንያ፣ የቆየ መሣሪያ፦ ስለ ቤት ሂት ፓምፕ የሚታመነውና እውነታው

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዩናይትድ ስቴትስ የቤት ማሞቂያ ገበያ ውስጥ ስታርትአፕ የሚባሉ ጀማሪ ኩባንያዎች እየተበራከቱ መጥተዋል፤ የሚሸጡትም በጋዝ ወይም በናፍጣ የሚነድደውን ማሞቂያ በኤሌክትሪክ በሚሠራ፣ ከስልክ መተግበሪያ በሚታዘዝ ሂት ፓምፕ መተካትን ነው። በሚኒሶታና በኮሎራዶ ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ውሉን የሚያነበው ቤተሰብ ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች ይደርሱታል፤ አንዱ መሣሪያውን ተአምር፣ ሌላው ማጭበርበሪያ ያደርገዋል። ሁለቱም የሚመነጩት መሣሪያው ትናንት የተፈለሰፈ ከሚመስል ግምት ነው።

እውነታው ግን ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን ተብሎ የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ፣ ቤትን በዚህ መንገድ ማሞቅ እንደሚቻል ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1852 ሲሆን፣ የዙሪክ ከተማ አዳራሽም በ1938 ሙቀቱን ከወንዝ ውሃ በሚቀዳ ሂት ፓምፕ መሞቅ ጀምሯል። በሥርዓቱ ውስጥ የሚዘዋወረው፣ ባለሙያዎች በአጭሩ ጋዝ የሚሉት ፈሳሽ፣ በጣም ዝቅተኛ በሆነ የሙቀት መጠን የሚተን በመሆኑ ደጅ ባለው ክፍል ውስጥ ሲተን ከቀዝቃዛውም አየር ሳይቀር ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕረሰር የተባለው መጭመቂያ ትነቱን ጨምቆ ያግለዋል፤ ትነቱ ቤት ውስጥ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስም የተሸከመውን ሙቀት ይለቃል። ፍሪጅ ከምግቡ ወስዶ በጀርባው ወደ ወጥ ቤቱ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ሂት ፓምፕም ከደጅ ወስዶ ወደ ሳሎን ያስገባል፤ በበጋ ደግሞ አቅጣጫውን ገልብጦ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ የጀማሪ ኩባንያ አዲስነት አብዛኛውን ጊዜ ያለው በመሣሪያው ቅርጽ፣ በመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ፣ በአሻሻጡና በአገጣጠሙ ላይ እንጂ በፊዚክሱ ላይ አይደለም፤ ምርመራውም ማተኮር ያለበት እዚያው ላይ ነው።

በማስታወቂያ ላይ ከሚታዩት ቁጥሮች ሁሉ የበለጠ ግራ የሚያጋባው «400 በመቶ» የሚለው የብቃት አኃዝ ነው። ተጠራጣሪዎች አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ገብቶ አራት እጅ ሙቀት ሊወጣ አይችልም ብለው ይደመድማሉ፤ ይህ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪኩ ሙቀቱን አይፈጥርም፣ ከደጅ ወደ ቤት ያጓጉዘዋል እንጂ። የወጣው ሙቀት ለገባው ኤሌክትሪክ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ሲኦፒ ይባላል፤ አራት የሆነ ሲኦፒም በሚገባ ይቻላል። የገዢዎች ስህተት ግን በተቃራኒው በኩል ያለ ነው፤ ይኸውም ያ አኃዝ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው የሚዘልቅ እየመሰላቸው መሆኑ ነው። በአሜሪካ የመሣሪያዎች አቅም በተለምዶ የሚለካው የውጭው አየር 8.3፣ ከዜሮ በታች 8.3 እና ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆንበት ጊዜ ሲሆን፣ ሻጮች በትልቁ የሚያትሙት የመጀመሪያውን፣ ማለትም የለዘብተኛውን ቀን ውጤት ነው። ውጩ በቀዘቀዘ መጠን ሙቀቱ የሚገፋበት ዳገት ስለሚረዝም ሲኦፒው ይወርዳል፤ ለዚህም የተፈጥሮ ሕግ ጣሪያ አበጅቶለታል። ቤት ውስጥ ያለው የመሣሪያው ክፍል 40 ዲግሪ፣ ደጁ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢሆን፣ 40 ዲግሪ ከፍጹም ዜሮ ሲቆጠር 313 ስለሆነ፣ ይህ በሁለቱ ልዩነት በ55 ሲካፈል ከ5.7 የማይበልጥ ጣሪያ ይሰጣል፤ ጥሩ የሚባል መሣሪያም በተግባር የሚደርሰው ወደ ሁለት አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለ ብርድ አምስትና ስድስት እደርሳለሁ የሚል ሻጭ ያለ ተጨማሪ ክርክር ሊሰናበት ይገባዋል። ለብርዳማ አካባቢ ተስማሚ ለሚባሉ መሣሪያዎች ኢነርጂ ስታር የተባለው የመንግሥት መለያ የሚጠይቀው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 1.75 መሆኑም የቁጥሮቹን ትክክለኛ ልክ ያሳያል።

ይህ መውረድ ሂት ፓምፕ በብርድ አገር አይሠራም ወደሚለው እምነት መግፋት የለበትም። ኖርዌይ በነፍስ ወከፍ ስሌት በሂት ፓምፕ ብዛት ከአውሮፓ አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ ክረምቱ የከበደው የአሜሪካ ሜይን ግዛትም በ2019 እስከ 2025 ድረስ 100 ሺህ ሂት ፓምፕ ለመግጠም ያወጣውን ዕቅድ በ2023 ፈጽሞታል። ሊጠየቅ የሚገባው በአካባቢው እጅግ በቀዘቀዘው ሌሊት መሣሪያው ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥና የሚጎድለውን ምን እንደሚሞላው ነው። አንዳንዱ ሥርዓት በውስጡ ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ይዟል፤ ይህ ሽቦ ሲኦፒው አንድ ብቻ ስለሆነ መቆጣጠሪያው ሳያስፈልግ ቶሎ ቶሎ የሚጠራው ከሆነ ቤቱ ይሞቃል፣ ሂሳቡ ግን ያስደነግጣል።

ትልቅ መሣሪያ መግዛት ይበጃል የሚለውም አይደገፍም፤ ከልኩ ያለፈው ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ኮምፕረሰሩን ያደክማል። ልኩ የሚታወቀው ማኑዋል ጄይ በሚባለው፣ ግድግዳን፣ መስኮትንና የአየር ማፈትለኪያን በየክፍሉ በሚያሰላ ዘዴ ሲሆን፣ የቤቱን ስፋት ብቻ ጠይቆ ዋጋ የሚልክ ኩባንያ ይህን ሥራ አልሠራም ማለት ነው።

የወጪው ቅነሳም ቢሆን ሒሳብ እንጂ ተስፋ አይደለም። በአንድ ከተማ ያው መጠን ኃይል በኤሌክትሪክ ሲገዛ ከጋዝ አራት እጥፍ የሚያስከፍል ከሆነና ነባሩ የጋዝ ማሞቂያ 90 በመቶ ብቃት ካለው፣ ሂት ፓምፑ ወጪን ለማመጣጠን ብቻ አማካይ ሲኦፒው 3.6 መድረስ ይኖርበታል፤ ይህም በብርዳማ ከተማ ከባድ ነው። የሚተካው ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሆነ ግን 2.5 የሆነ አማካይ የማሞቂያውን ፍጆታ በ60 በመቶ ይቀንሳል። ከዋጋው 30 በመቶውን፣ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ፣ ይመልስ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽ በ2025 መጨረሻ ስላበቃ፣ ለአዲስ ግዢ አሁንም እርሱን ቀንሶ የሚያሳይ የዋጋ ሰንጠረዥ የሻጩን ጥንቃቄ ደረጃ ራሱ ይናገራል።

ጀማሪ ኩባንያ በጅምላ አይታመንም የሚለው አቋም በበኩሉ ፍርደ ገምድልነት አለበት። የኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ቤቶች ባለሥልጣን በ2022 በመስኮት ላይ የሚቀመጡ 30 ሺህ ሂት ፓምፖችን እንዲያቀርቡ የመረጠው ግዙፉን የቻይና አምራች ሚዲያንና ከሳን ፍራንሲስኮ የተነሣውን ጀማሪ ግራዲየንትን በአንድነት ነበር፤ ሆኖም በስፋት ከማሰራጨቱ በፊት ኩዊንስ ውስጥ ባሉት የዉድሳይድ ቤቶች በጥቂት አፓርታማዎች ሞክሮ አይቷል። አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ሙከራ ለማድረግ አቅም የለውም፤ በእጁ ያለው መሣሪያ ውሉ ነው።

በውሉ ውስጥም የዋስትናው ዓመታት ብዛት ከሰጪው ማንነት ያነሰ ዋጋ አለው። አሥር ዓመት ያልሞላው ኩባንያ የአሥር ዓመት ዋስትና ሲሰጥ፣ ኩባንያው ቢዘጋ የኮምፕረሰሩ አምራች ዋስትናውን ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ መገኘት አለበት። ሶፍትዌሩም እንዲሁ ነው፤ ሬቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ ባለቤቱ ኔስት በ2016 አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ዕቃው ሳይበላሽ ከጥቅም ውጭ ሆኗል፣ ስለዚህ ማሞቂያው ያለ ኢንተርኔትና ያለ ኩባንያው ሰርቨር፣ በግድግዳ ላይ ካለ ቴርሞስታት ብቻ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ፊርማ አይኖርም። ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው የገጠማው ማስረጃ ነው፦ የጋዝ ቱቦዎቹ በናይትሮጅን ግፊት የተፈተኑበት፣ አየርና እርጥበታቸው ተመጥጦ ማይክሮን በሚባለው የቫኪዩም መለኪያ ከ500 በታች የወረዱበትና የተሞላው ጋዝ ዓይነትና ክብደት የተጻፈበት ወረቀት። ገጣሚው በሄደ ማግስት ይህን ወረቀት መልሶ ማግኘት ስለማይቻል የመጨረሻው ክፍያ ከእርሱ ርክክብ ጋር ቢታሰር፣ በኋላ የሚጠራው የትኛውም ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ከምን መጀመር እንዳለበት ያውቃል።