ዘፋኝ ለሚጠብቅ ጆሮ

ጉለሌ ውስጥ ሳክስፎንና ኪቦርድ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከአዲሱ ገበያ፣ ከሽሮ ሜዳና ከእንጦጦ ግርጌ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። ጃዝ ሳስደምጣቸው ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ቲቸር፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» የሚል ነው።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛ ያደግንበት ሙዚቃ አብዛኛው ከግጥም ጋር የተጋባ ነው። ማሲንቆውም፣ ክራሩም፣ በገናውም ቃል ያጅባል፤ አድማጩም ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ጆሮውን ያቀናል። በዚህ ያደገ ሰው አሥር ደቂቃ ሙሉ አንድም ቃል ሳይሰማ ሲቀር ዘፋኙ የዘገየ ቢመስለው አይፈረድበትም። ስለዚህ ጀማሪን ከጃዝ የሚያርቀው የሙዚቃው ክብደት ሳይሆን የመግቢያው በር ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የምርጦች ዝርዝር ሌላ ሙዚቃ ሲሰማ ላደገ ጆሮ የተዘጋጀ ነው። ቻርሊ ፓርከር ታላቅ ሳክስፎኒስት ነው፤ ግን ኮርዱ (በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት) በፍጥነት በሚለዋወጥበት በእሱ ሙዚቃ የጀመረ የሰፈሬ ልጅ ሁለተኛ ጃዝ አልሰማም ቢል አልደነቅም። እኔ የማስደምጥበት ቅደም ተከተል ከዚህ ይለያል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጌታቸው መኩሪያ። በ2016 ያረፈው ይህ ሰው ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ነው። ቃል የለም፤ ግን ማንም ሽለላ ሰምቶ ያደገ ሰው የቃሉን ቦታ ያውቀዋል። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ድንገት ወደ ላይ ሲወረወር፣ ተማሪዎቼ «እየፎከረ ነው እኮ!» ይላሉ። ያኔ ትልቁ ሥራ አለቀ ማለት ነው፤ መሣሪያ ያለ ዘፋኝ መናገር እንደሚችል ጆሯቸው ተቀብሏል። በ«ኢትዮፒክስ» የአልበም ተከታታይ 14ኛው ቅጽ የእሱ ነው። የሆላንዱ ባንድ «ዘ ኤክስ» ያጀበበትን የ2006ቱን አልበም «ሞዓ አንበሳ»ንም ጨምሩበት።

ቀጥሎ ሙላቱ አስታጥቄ። ጅማ ተወልዶ በእንግሊዝና በቦስተን የተማረው ሙላቱ ያነሳው ጥያቄ ከባድ ነበር፤ በአምስት ድምፅ የሚሄዱትን ቅኝቶቻችንን አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ከሚጠቀም የጃዝ ኮርድ ጋር እንዴት ማስማማት ይቻላል? ኮርዱ ከበዛ ቅኝቱ ይጠፋል፤ ከሳሳ ደግሞ ጃዝነቱ ይቀራል። መልሱን በ1972 ኒውዮርክ ላይ በቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበምና በ1998 በወጣው የ«ኢትዮፒክስ» 4ኛ ቅጽ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ቅጽ «የከርሞ ሰው»ን ስናደምጥ ተማሪዎቼ ቤዙን ብቻ እንዲከተሉ አደርጋለሁ። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል፤ ቤዝና ድራም ድሩ ናቸው፣ ሶሎው ደግሞ በመወርወሪያ የሚመላለሰው ማግ ነው። ድሩ መወጠሩን ያላየ ማጉ የት እንደሚሄድ አያውቅም። ቤዙን ከያዙ በኋላ በሁለተኛው ዙር ሳክስፎኑን፣ በሦስተኛው ኪቦርዱን ይከተላሉ። በነገራችን ላይ ከዶርዜ ቤተሰብ የሚመጡ ተማሪዎቼ በዚህ ልምምድ ይቀድማሉ። የዶርዜ ዘፈን ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ የሚሄድበት ነውና ጆሯቸው ከቤታቸው የተሳለ ነው።

ሦስተኛው ኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር የሠራው የ1977ቱ አልበም «ቸ በለው» የታወቁ ዜማዎች በኦርጋንና በነፋስ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚቆሙ ያሳያል። በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በድራም ማሽን የቀረጸው አልበም ደግሞ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን ዞረ። በእነዚያ ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ መጫኛ ይዞ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ልምምድ ጊዜ አጣሁ ለሚለኝ ተማሪ ሁሉ ይህን እነግራለሁ።

ባሕር የምንሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በ1959 በሁለት ቀን ቀረጻ ያለቀ አልበም ነው። ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው በዝናው አይደለም፤ ኮርድ ከመደራረብ ይልቅ በአንድ ስኬል ላይ ረጋ ብሎ ስለሚቆይ ነው። በአንድ ቅኝት ላይ መቆየትን ደግሞ ከአዝማሪ ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። የመጀመሪያው ሥራ «ሶ ዋት» ነው፤ ቤዙ ያወጣል፣ ሌሎቹ በሁለት ድምፅ ይቀበላሉ። አሥራ ስድስት ሜዠር (የምት ክፍል) በአንድ ስኬል ይሄድና ለስምንት ሜዠር ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ተመልሶ ይወርዳል። ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፍ ሲል እጃቸውን ያነሳሉ፤ ሲመለስ ያወርዳሉ። መጀመሪያ አንዱ ሌላውን ሰርቆ እያየ ያነሳል። ጥቂት ሲደጋገም ግን እጆቹ ሁሉ በአንድ ላይ ይወጣሉ። ያኔ ሶሎው ትርጉም ያገኛል፤ ተጫዋቹ ወለሉ ከሥሩ ሲለወጥ ምን እንዳደረገ መስማት ይጀምራሉ።

መጨረሻ ላይ የማቆየው በ1965 የወጣውን የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ነው። አልበሙ ለፈጣሪ የቀረበ ምስጋና ሲሆን አራት ክፍል አለው። በአራተኛው ክፍል ኮልትሬን ራሱ የጻፈውን ጸሎት ቃል በቃል በሳክስፎኑ «ያነበዋል»፤ ከአፉ ግን አንድ ቃል አይወጣም። ጌታቸው ሽለላን፣ ኮልትሬን ጸሎትን፤ ሁለቱም ቃሉን በመሣሪያ ውስጥ አስቀምጠውታል። ከጌታቸው የጀመረ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ያደገው ደግሞ ጸጥ ብሎ ነው የሚሰማው።

ዛሬ ያሉትን አትርሱ። የሳሙኤል ይርጋ «ጉዞ» (2012) የፒያኖን አቅም በእኛ ቅኝት ያሳያል። የጆርጋ መስፍንን ሳክስፎንና የግሩም መዝሙርን ጊታር ደግሞ ሲገኙ በአካል ተገኝታችሁ ስሙ፤ ጃዝ በቦታው የሚፈጠር ነገር ነውና ተጫዋቾቹ ሲተያዩ ማየት ግማሹ ትምህርት ነው።

ሁለት ምክር ልጨምር። አንደኛ፣ በስልክ ስፒከር አታድምጡ፤ ቤዙን አያወጣውም፣ ቤዝ የሌለው ጃዝ ደግሞ መሠረት የለውም። ርካሽም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል። ሁለተኛ፣ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙት፤ አንድ አልበም ለአንድ ሳምንት፣ በየቀኑ አንድ መሣሪያ እየተከተላችሁ። ወላጆችም ልጃችሁ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሲያዳምጥ ካገኛችሁት አብራችሁት ቁጭ በሉ። ሽለላና ቅኝት ለሚያውቅ ጆሮ ጃዝ ባዕድ አይደለም፤ ከጌታቸው ጀምሩ፣ የቀረው በተራው ይመጣል።