በጠባብ ቦታ ላይ የሚሠራ የቤተሰብ ቤት አከፋፈል

በአዲስ አበባ ከተማ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሁሉ ሰፊ ቦታ አያገኝም። የቦታው ወርድ 7 ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር ቢሆን፣ ግራና ቀኙም በጎረቤት ግድግዳ ቢዘጋ፣ ቤቱን እንዴት አድርጎ ይከፋፍለዋል?

ብዙዎች ክፍሎቹን በተርታ ደርድረው 1 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ ያበጁላቸዋል። ይህ መተላለፊያ ብቻውን 12 ካሬ ሜትር፣ ማለት የአንድ መኝታ ቤት ያህል ቦታ ይወስዳል። ከዚህ የባሰው ጉዳት ግን የመካከለኛው ክፍል መስኮት ማጣቱ ነው፤ ልጆች በቀትር መብራት አብርተው ያጠናሉ፤ አያትም ፀሐይ ሳያዩ ይውላሉ።

ስለዚህ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ብርሃን ነው። የግድግዳው ውፍረት ጭምር ታስቦ፣ ከመንገዱ በኩል 3 ሜትር ለደጅ፣ 5 ሜትር ለሳሎን፣ ቀጥሎ 3 ሜትር ለክፍት ግቢ፣ 4 ሜትር ጎን ለጎን ለሚሠሩ ሁለት መኝታ ቤቶች፣ የቀረው 5 ሜትር ለማድ ቤት፣ ለመጸዳጃና ለጓሮ ይሁን። መኝታ ቤቶቹ መስኮታቸውን ወደ ግቢው ይከፍታሉ፤ የምጣዱም ጢስ ከመስኮቶቹ ይርቃል፤ ወደ ጓሮ የሚወስደውም መተላለፊያ 4 ሜትር ብቻ ይሆናል።

የክረምቱም ዝናብ አይዘንጋ። የጣራው ውሃ በጎረቤት ላይ እንዳይወርድ ወደ ግቢው አዘንብሎ በአሸንዳ ይሰብሰብ፤ ማስወጫው ቦይም መሠረቱ ሲጣል አብሮ ይሠራ።

ንድፉ ለመሐንዲስ ከመሰጠቱ በፊት ባልና ሚስት በባዶው ቦታ ላይ ካስማ ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ በየክፍሉ ቢመላለሱ መልካም ነው። የተወጠረ ገመድ ማዛወር ወጪ የለውም፤ የቆመ ግድግዳ ማፍረስ ግን ብዙ ያስከፍላል።