የስክሪን ሰዓት የምንን ቦታ ይወስዳል? የሕፃናት እንቅስቃሴና የቤተሰብ ልማድ

ስለ ሕፃናትና ስለ ስክሪን የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ «በቀን ስንት ሰዓት?» በሚል ጥያቄ ይጀመራል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። ቀኑ 24 ሰዓት ብቻ በመሆኑ፣ በስክሪን ፊት የሚያልፈው ጊዜ ከሌላ ነገር ላይ የተቀነሰ ነው። የተቀነሰው ከእንቅልፍ፣ ከሩጫ ወይስ ከሥራ ፈትነት የሚለው ግን ውጤቱን ይለውጠዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ያወጣው መመሪያ እንቅስቃሴን፣ መቀመጥንና እንቅልፍን በአንድነት የሚመለከተው በዚህ ምክንያት ነው። መመሪያው ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ተቀምጦ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል። ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚህም 60 ደቂቃው ትንፋሽን የሚያፈጥን እንዲሆን፣ እንዲሁም ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት የተቀመጠው መጠን በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ነው። ሆኖም የ146 አገሮችን መረጃ ያካተተ ትንተና እንዳሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ተማሪዎች 81 በመቶው በቀን 60 ደቂቃ አይንቀሳቀሱም ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ አዲስ አበባ ስናመጣ የቦታ ጥያቄ ይነሣል። ሰኞ ማክሰኞ፣ አባሮሽና ድብብቆሽ ደጅ ይፈልጋሉ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ደጁ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ይችላል። ልጇን ከመኪና ለመጠበቅ ቴሌቪዥን የምትከፍት እናት የምትመርጠው በስክሪንና በጨዋታ መካከል ሳይሆን በስክሪንና በአደጋ መካከል ነው። ስለዚህ ምክሩ ለወላጅ ብቻ ሲነገር ወደ ወቀሳ ይለወጣል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናን ለጥቂት ሰዓታት ከተሽከርካሪ ነፃ ማድረጉ፣ ጉዳዩ የከተማ አስተዳደርም መሆኑን ያስታውሳል።

ለተመራማሪዎች ሁለት የአሠራር ጥንቃቄዎች ይቀራሉ። አንደኛ፣ አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ በሚያገለግልበትና ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ በሚውልበት ቤት፣ ወላጅ የሚገምተው «የልጁ ሰዓት» በቀላሉ ይሳሳታል። ውኃ መቅዳትና ተልኮ መሮጥም በተለምዶ መጠይቆች ሳይቆጠሩ ሊያልፉ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በአንድ ወቅት ብቻ የሚሰበሰብ መረጃ ስክሪኑ እንቅስቃሴን ቀነሰው ወይስ መጫወቻ ማጣት ስክሪኑን አበዛው የሚለውን አይለይም።

ይህ ማለት ቤተሰብ የሚያደርገው ነገር የለም ማለት አይደለም። በማዕድ ዙሪያ ስልክን ማስቀመጥ፣ ከመኝታ በፊት ስክሪን መዝጋት፣ ትምህርት ቤት ቅርብ ከሆነ አብሮ በእግር መሄድ ወጪ የማይጠይቁ ልማዶች ናቸው። የሚጸኑት ግን አዋቂው ራሱ ሲጠብቃቸው ነው፤ ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይከተላልና።