የቤት ብድርና የገቢ ሚዛን

በዋሺንግተን ከተማና በአካባቢው በሚገኙት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ በታክሲ ነጂነት ይተዳደራሉ። ለምሳሌ ያህል አንድ ባልና ሚስት እናንሣ፤ እርሱ ታክሲ ይነዳል፤ እርሷ በአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥራ ትሠራለች። ልጆቻቸው ጓሮ ባለው ቤት እንዲያድጉ ተመኝተው ወደ ብድር ደላላ በሄዱ ጊዜ «ስንት ታገኛላችሁ?» የሚባሉ ይመስላቸዋል። የሚጠየቁት ግን ማግኘታቸውን የሚመሰክረውን ወረቀት ነው። በእኛ ልማድ ለተበዳሪ ዋስ ይጠራለታል፤ በዚያ አገር ትልቁ ዋስ ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ መጥበቁ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ዓ.ም. የገንዘብ ቀውስ በፊት ብዙ አበዳሪዎች ተበዳሪው በቃሉ የተናገረውን ገቢ ያለ ማስረጃ ይቀበሉ ስለነበር፤ ብድሩ «የውሸታሞች ብድር» እስከ መባል ደርሶ ነበር። እጅግ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ከተነጠቀ በኋላ በ2010 ሕግ ወጣ፤ በ2014 ሥራ ላይ በዋለውም ደንብ አበዳሪው የተበዳሪውን የመክፈል ችሎታ በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ተገደደ።

የሚስቲቱ ሒሳብ ቀላል ነው። በሰዓት 21 ዶላር እየተከፈላት በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ፤ የሳምንቱ ገቢ በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 3640 ዶላር ይሆናል። ይህም ግብር ሳይቀነስ ነው።

ችግሩ የባልየው ነው። በየዓመቱ ግብር ሲያስታውቅ የነዳጁንና የጥገናውን ወጪ አስቀንሶ፤ ትርፉን ዝቅ አድርጎ፤ አነስተኛ ግብር ይከፍላል። ይህ ሕጋዊ ነው። ነገር ግን አበዳሪው የሚያነበው ያንኑ ወረቀት ነው፤ የሚቆጥርለትም በእጁ የገባውን ሳይሆን ከወጪ የተረፈውን ነው። በ2023 27600፤ በ2024 ደግሞ 30000 ዶላር ተርፎት እንደሆነ፤ የሁለቱ ዓመት ድምር ለ24 ወር ተካፍሎ 2400 ዶላር ይሰጠዋል። ሁለተኛው ዓመት ከፊተኛው ያነሰ ቢሆን ግን አበዳሪው ዝቅተኛውን ይይዛል፤ የቀነሰበትንም ምክንያት ይጠይቃል። በሚያዝያ ግብር ያቀለለችለት ወረቀት በሰኔ ቤት ታስቀረዋለች።

የጥሩ ደላላ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ነጂው ወጪውን በማይል አስልቶ እንደሆነ፤ መንግሥት በ2024 ለአንድ ማይል ከፈቀደው 67 ሳንቲም ውስጥ 30ው የመኪናው የእርጅና ዋጋ ነው፤ በ2023 ደግሞ 28 ሳንቲም ነበር። ይህ ከኪስ ያልወጣ ገንዘብ ስለሆነ አበዳሪው መልሶ ገቢ ላይ ይደምረዋል። በየዓመቱ 30000 ማይል ለነዳ ሰው በወር 725 ዶላር ነውና ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ያልጠየቀ ደላላ ሥራውን አልሠራም።

እንግዲህ የሁለቱ ገቢ 6765 ዶላር ሆነ። ዕዳቸው ሁሉ ከገቢያቸው ከ45 በመቶ እንዳያልፍ የሚፈልግ አበዳሪ ቢያገኙ፤ የመኪና ዕዳቸው 420 ዶላር ተቀንሶ፤ ወለዱ፤ የቤቱ ግብርና ኢንሹራንሱ ጭምር የሚከፈልበት 2624 ዶላር ይቀራቸዋል።

የእቁብም ነገር አለ። 15000 ዶላር የደረሰው ሰው ገንዘቡን ባንድ ቀን ባንክ ቢያስገባ፤ የሁለት ወሩን የሒሳብ መግለጫ የሚመረምረው አበዳሪ «ከየት መጣ?» ይላል። በፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ዋስትና የሚሰጠው ብድር ደንብ አባሎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር ይቀበላል፤ ሆኖም መዝገቡን፤ ደረሰኙንና የገንዘብ ያዡን ማረጋገጫ ይፈልጋል። በቃል ብቻ የሚካሄድ እቁብ እዚያ ዘንድ ዋጋ የለውም።

በዝርዝሩ ውስጥ የማይገባው ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ነው። ለእናት በየወሩ የሚላክ 300 ዶላር በፍርድ ቤት ካልታዘዘ በቀር እንደ ዕዳ አይቆጠርም። ስለዚህ አበዳሪው 2624 ትችላላችሁ ሲላቸው፤ እናቲቱን ሳያውቅ ነው የሚናገረው። እርሷን መቀነስ የባልና የሚስት ፈንታ ነው፤ ይህንም ከደላላው ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት በቤታቸው ቢያሰሉት ይሻላል። ደላላው የአገልግሎቱን ዋጋ በአብዛኛው የሚያገኘው ብድሩ ሲፈጸም ነው፤ ልኩም ከብድሩ መጠን ጋር ያድጋል።