ማረፍም ራስን መጠበቅ ነው

ትምህርቱ፣ ጥናቱና የቤት ሥራው እንዴት ይዟችኋል? መቼም አብዛኞቻችሁ “ኧረ ሩጫ ነው!” ሳትሉኝ አትቀሩም። እኔም ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ሩጫና በሩጫው መሃል ስለምንረሳው ዕረፍት ነው። “ደግሞ ዕረፍትንና ኤችአይቪን መከላከልን ምን አገናኛቸው?” የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ባተሌ መሆን ለምን ያስከብራል?

ሶሲዮሎጂ ስማር ከተረዳኋቸው ነገሮች አንዱ፣ ሰው ኅብረተሰቡ የሚያሞግሰውን ነገር ማንም ሳያዘው እንደሚያደርግ ነው። እኛ ዘንድ “ሌት ተቀን የሚለፋ” ሰው ይመሰገናል። ቀን ላይ ጋደም ያለ ግን ወዲያው “ሰነፍ” ይባላል። በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ በየትምህርት ቤቱ ከተማሪዎች ጋር ስወያይ ይኸው አመለካከት ክፍል ውስጥ ገብቶ አገኘዋለሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ፉክክር ይሆናል። ሲቸክል ያደረው ጀግና ነው፤ በጊዜ የተኛው ደግሞ ለትምህርቱ ግድ የሌለው ይመስላል።

ይሁን እንጂ ጉብዝና ነቅተን በቆየንበት ሰዓት ብዛት አይለካም። እስቲ እንጦጦና ሰንዳፋ ላይ የሚለማመዱትን ሯጮቻችንን ተመልከቱ። ከባድ ልምምድ በሠሩ ማግስት ቀለል ያለ ሩጫ ይሮጣሉ፤ ቀን ላይም አረፍ ይላሉ። ሰውነታቸው ከድካሙ አገግሞ የሚጠነክረው በዕረፍቱ ጊዜ መሆኑን ያውቁታልና።

እንቅልፍ ሲጎድል ጭንቅላት ምን ይሆናል?

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ስንተኛ አንጎላችን ሥራ አያቆምም። ቀን የተማርነውን አደራጅቶ በማስታወሻችን ውስጥ የሚያጸናው በዚያን ሰዓት ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያደረ ተማሪ ያነበበውን የሚያስቀምጥበት ጊዜ ለአንጎሉ አልሰጠውም ማለት ነው።

ራንዲ ጋርድነር የተባለ የ17 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ሲል በ1964 እ.ኤ.አ. ያለ እንቅልፍ 11 ቀን ቆየ። በመጨረሻው ቀን ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር ተጠየቀ። 65 ላይ ሲደርስ ዝም አለ። “ለምን አቆምክ?” ሲሉት ምን እያደረገ እንደነበር ረስቶታል!

“እኔ እኮ 11 ቀን አልነቃም” ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ ባደረጉትና በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። ጠዋት 12 ሰዓት ለተነሳ ተማሪ ይህ ማለት ማታ 5 ሰዓት ነው። አንዲት ብርጭቆ ሳይቀምስ!

ከበርጫ እስከ ጨብሲ

ኤችአይቪን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። እንቅልፍን ለማባረር አንዳንዱ ወጣት ጫት ይጀምራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ለጊዜው ያነቃል፤ ድካሙን ግን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ማታ ምርቃናው አላስተኛ ሲል “ለጨብሲ” ተብሎ መጠጥ ቤት ይገባል። አንድ ተማሪ በውይይታችን ላይ “ለጥናት ብለን ጀምረን፣ ጥናቱ ቀርቶ ጨብሲው ቀረልን” ብሎኛል።

ልብ በሉ! ድካም በራሱ ኤችአይቪን አያስተላልፍም። የቃመ ሁሉም ይያዛል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን “እምቢ” ለማለት፣ ኮንዶም ለመጠቀም፣ ወይም “በቃ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ” ለማለት የረጋ አእምሮ ያስፈልጋል። ነገሮችን አመዛዝኖ ለመወሰን የሚረዳን የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እያደገ ነው። በዚህ ላይ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ ሲደረብበት የዓመታት ሕይወትን የሚነካ ውሳኔ በደቂቃ ይወሰናል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባል የለ? ፈስሶ የማይለቀም ነገርም አለ።

እህቶቻችንስ?

ዕረፍት ለሁሉም እኩል አይደርስም። ብዙ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ ይቀዳሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። መጽሐፍ የሚገልጡት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ወንድም በዚያው ሰዓት ኳስ ሲጫወት ቆይቶ፣ በልቶ ተኝቷል። ከዚያ እሷ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ “ሰነፍ” ትባላለች። ወንድሞች ሆይ፣ ዕቃ ማጠብና ውኃ መቅዳት ለእህታችሁ እንቅልፍ መስጠት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ጥናትን ለፈተና ሰሞን አናከማች። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማንበብ ሌሊቱን ከመሸጥ ያድናል።

• የመኝታና የመነሻ ሰዓታችንን እናስተካክል። ሞባይላችንንም ከራስጌ እናርቅ።

• ቡናና ሻይ ከቀትር በኋላ እንቀንስ።

• ያለ ጫትና ያለ መጠጥ የሚያዝናና ነገር እንልመድ። ከጓደኛ ጋር በእግር ማዝገም፣ ወይም ከቤተሰብ ጋር ከአቦል እስከ በረካ ተረጋግቶ ቡና ላይ መጨዋወት፣ አያቶቻችን የሚያውቁት ዕረፍት ነው።

• ለኤችአይቪ የሚያጋልጥ ነገር ካጋጠማችሁ ሳትፈሩ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቫይረሱን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይጀመርም።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ብዙ የምትሠሩት አለ። ዛሬ ማታ ግን መጽሐፉን አጥፋችሁ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ በጊዜ ተኙ። ቸር ይግጠመን!