መሪ ሲወርድ

ከሳሊተ ምሕረት ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የመሪዎች ነገር ከተነሳ፣ ወሬው ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ሳይደርስ አይቆምም። ሰፈሩ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሞላበት ነውና አንዱ ዓድዋን ሲጠራ ሌላው አኖሌን ይጠራል። ፒያሳ ላይ ጣሊያን ነቅሎት እንደገና የቆመው የምኒልክ ሐውልት አለ፤ አርሲ ሂጦሳ ውስጥ ደግሞ በ2006 ዓ.ም የተመረቀው የአኖሌ መታሰቢያ አለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም የተገኘው ድል የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኩራት ነው። በምኒልክ ዘመቻ በአርሲ የፈሰሰው ደምም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም፤ ክርክሩም በዚሁ ምክንያት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል።

እኔ መሪን የምመዝነው ሥልጣኑን ባስረከበበት መንገድ ነው። ብዙ ደም ያስከፈለን የድል ማነስ ሳይሆን የርክክብ እጦት ነው ብዬ አምናለሁ።

ምኒልክ አስበውበት ነበር። በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። ሆኖም ሕመሙ ጸናባቸው፣ ወራሹም ገና ታዳጊ ነበር። ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም ተሻሩ፤ ነገሩ የለየለት በሚቀጥለው ወር ሰገሌ ላይ በጦርነት ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማንም በላይ ጊዜ ነበራቸው። ዩኒቨርሲቲ ከፈቱ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አዲስ አበባ ላይ አስመሠረቱ፣ በ1923 እና በ1948 ዓ.ም ሁለት ሕገ መንግሥት አወጡ። በሁለቱም ግን የመጨረሻው ቃል የዙፋኑ ነበር። አልጋ ወራሹ በ1965 ዓ.ም በጠና ታመው ወደ ውጭ ሄዱ፤ ንጉሡ የልጅ ልጃቸውን ዘርዓ ያዕቆብን የሰየሙት ሠራዊቱ ካመጸ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም ነው። ወሎ በረሃብ ያለቀውም ያኔው ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም በ82 ዓመታቸው በቮልስዋገን ተወሰዱ። አጽማቸው ከቤተ መንግሥት ግቢ የወጣው በ1984 ዓ.ም ሲሆን፣ በወግ የተቀበሩት በ1993 ዓ.ም ነው፤ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም በ2004 ዓ.ም የተቀበሩት እዚያው ካቴድራል ግቢ ነው፤ እሳቸውን ግን ሥልጣን ላይ ሳሉ ሞት ቀደማቸው።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያምማ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም ሠራዊታቸውን ጥለው ዚምባብዌ ገቡ።

ስለዚህ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም የሚገባውን ክብር አላገኘም እላለሁ። ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በፈቃዳቸው ለቀቁ። በዘመናቸው በኦሮሚያና በአማራ ሰልፍ የወጡ ብዙ ወጣቶች ተገድለዋል፤ ያ ከስማቸው አይፋቅም። ግን በመጋቢት ወር ተተኪያቸው በምክር ቤት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ተሰናባቹ በሕይወትና በነጻነት እዚያው ነበሩ። በእኛ ታሪክ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የሞ ኢብራሂም ሽልማት በሕግ ተመርጦ፣ በደንብ መርቶ፣ ጊዜው ሲያበቃ ለወረደ አፍሪካዊ መሪ 5 ሚሊዮን ዶላር በ10 ዓመት ከፍሎ ይሰጣል። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ዓመት ተሸላሚ አጥቷል።

የኛው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱን ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ አያስቀምጥም። ጦሩን የሚያዘውን፣ ካቢኔውን የሚመራውን ጠቅላይ ሚኒስትር ግን በዘመን አይገድብም። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻላል ከተባለ፣ ለእኔ ቀዳሚው ጥያቄ ይህ ነው።